ብቻዎን ወደ ኩከንሆፍ፦ የአበባ ትርዒቱንና ላይደን ከተማን በአንድ ቀን ለማየት ዝርዝር መመሪያ

ኔዘርላንድስ ውስጥ ሊሰ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለውን የኩከንሆፍ የአበባ ትርዒት አይቶ የተበሳጨ ሰው ካጋጠመዎት፣ ጥፋቱ የአበባው አይሆንም። ወይ ትኬት አልቆ ከበር ተመልሷል፤ ወይ እኩለ ቀን ላይ ደርሶ ከሰው ጀርባ ሌላ ያየው የለም፤ ወይ ቱሊፑ ገና ባልፈካበት ሳምንት ሄዷል፤ ወይ ማምሻውን አውቶቡስ ሲጠብቅ ብርድ ሲገርፈው ቆይቷል። ሁሉም ከቅደም ተከተል የሚመጡ ስሕተቶች ናቸው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ደግሞ ይጠነክራሉ፤ ሰልፍ የሚይዝለት፣ ሻንጣ የሚጠብቅለት፣ ስልኩ ሲዘጋ ትኬቱን የሚያሳይለት የለም።

ዕቅዱ ይህ ነው፦ ጠዋት ግቢው (ትርዒቱ ያለበት የኩከንሆፍ የአትክልት ስፍራ)፣ ከሰዓት በኋላ ላይደን። ማደሪያዎ አምስተርዳምም ይሁን ዴን ሃግ፣ መነሻና መመለሻዎ የላይደን ባቡር ጣቢያ (ላይደን ሴንትራል) ይሆናል።

በሰዓቱ መጀመሪያ እንግባባ

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተጻፈ ሰዓት ትኬቱና የባቡር ሰሌዳው ላይ የሚያዩት ነው። 09:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 15:30 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል። ቀላል ይመስላል። ግን ትኬት የሚቆርጥልዎት ዘመድ በስልክ «የዘጠኝ ሰዓቱን ይዤልሻለሁ» ካለ የትኛው ዘጠኝ እንደሆነ ሳይጠይቁ ስልኩን አይዝጉ፤ ቁጥሩን እንዳለ ጽፎ ይላክ።

ሁለት ተጨማሪ ወጥመዶች አሉ። አውሮፓ ውስጥ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ሰዓት በአንድ ወደ ፊት ይገፋል፤ ትርዒቱ ክፍት በሆነበት ወቅት ማለት ነው። ስልክዎ ራሱ ያስተካክላል፣ የእጅ ሰዓትዎ ግን አያስተካክልም። ከአሜሪካ ለሚመጡ ደግሞ፦ እዚህ ቀን ከወር ይቀድማል። 04/05 ሜይ 4 እንጂ ኤፕሪል 5 አይደለም። በዚህ ምክንያት ከአንድ ወር ቀድሞ በር ላይ መቆም ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ይምረጡ

ግቢው ክፍት የሚሆነው ለስምንት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ከማርች 20 (መጋቢት 11) አካባቢ እስከ ሜይ 10 (ግንቦት 2) አካባቢ። ትክክለኛው ቀን በየዓመቱ ትንሽ ስለሚለዋወጥ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የግቢውን ድረ ገጽ ይዩ። በሐምሌ ሄዶ በር ስሞ መመለስ እዚህ ጽድቅ የለውም።

እያንዳንዱ ሳምንት የሚያሳየው ይለያያል፦

- የማርች መጨረሻ፦ ክሮከስና ናርሲስ (ቢጫው ዳፎዲል) ሜዳውን ይይዛሉ። ውጭ ያለው ቱሊፕ ጥቂት ነው፤ በአዳራሾቹ ውስጥ ግን ፈክቶ ያገኙታል።
- የኤፕሪል መጀመሪያ፦ የሃያሲንት ጊዜ። ሽታው ከአውቶቡስ ሲወርዱ ይቀበልዎታል። ቀዳሚዎቹ ቱሊፖች ይጀምራሉ።
- ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ መጨረሻው፦ የቱሊፕ ዋና ጊዜ። አንድ ቀን ብቻ ካለዎት እዚህ ውስጥ ይውደቅ።
- ሜይ፦ ግቢው ውስጥ ዘግይተው የሚፈኩት ቱሊፖች ይቆያሉ፣ በዙሪያው ያለው የገበሬው ማሳ ግን በአብዛኛው ተቆርጧል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግቢውንና ማሳውን አንድ አድርጎ በማሰብ ነው። ግቢው ውስጥ በመጸው ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሽንኩርት መሰል የአበባ ዘር በእጅ ይተከላል፤ ዘሮቹ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው፣ ዘግይቶ የሚያብበው ከታች፣ ቀድሞ የሚያብበው ከላይ ሆኖ ይቀበራሉ። አንዱ ሲጠወልግ ሌላው በመካከሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ግቢው ባዶ ሆኖ አይታይም። ገበሬው ግን የሚሸጠው አበባውን ሳይሆን ከመሬት በታች ያለውን ዘር ነው። ጉልበቱ ወደ ሥር እንዲወርድ የአበባውን ራስ በማሽን ቀልጥሞ ይጥላል። ትናንት ቀይ ምንጣፍ የመሰለ ማሳ ዛሬ አረንጓዴ ግንድ ብቻ ሆኖ ቢያገኙት የሆነው ይኸው ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ። ፈጽሞ የማልመክራቸው ቀናት፦ የፈረንጆቹ ፋሲካ ከስቅለት እስከ ማግስቱ ሰኞ፤ ኤፕሪል 27 የሚውለው የንጉሥ ቀን፤ በኤፕሪል አንድ ቅዳሜ በዚያው አካባቢ የሚያልፈው የአበባ ሰልፍ። የሰልፉ ዕለት መንገዶች ይዘጋሉ፣ አውቶቡስም መስመሩን ይቀይራል። ሰልፉን ማየት ከፈለጉ ለእሱ ብቻ አንድ ቀን ይስጡት።

ደረጃ 2፦ ትኬቱን ይግዙ

1. ከግቢው የራሱ ድረ ገጽ ይግዙ። የአዋቂ መግቢያ 20 ዩሮ ገደማ ነው። ከሌላ ሻጭ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ያው ትኬት ተጨማሪ ዋጋ ተደርጎበት ነው፤ በማኅበራዊ ሚዲያ «መሄድ ስላልቻልኩ» እያለ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎት ይለፉት፤ አንድ ባር ኮድ ለአምስት ሰው ሊሸጥ ይችላል።
2. ቀንና የመግቢያ ሰዓት ይምረጡ። ሰዓቱ የሚገድበው መግቢያዎን ብቻ ነው፤ አንዴ ከገቡ 19:30 እስኪዘጋ መቆየት ይችላሉ።
3. በሩ 08:00 ይከፈታል፤ የመጀመሪያውን ሰዓት ይውሰዱ። ከ10:30 በኋላ አስጎብኚ አውቶቡሶች ሰው ያራግፋሉ፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ቆሞ አንድ አበባ መመልከት ያኔ ያበቃል።
4. መግቢያና አውቶቡስ አንድ ላይ ያለበትን ትኬት ይምረጡ። በመሳፈሪያው ላይ ትኬት ከመቁረጥ ይገላግላል። የሚሠራበትን መስመር ግን ያንብቡ፦ ከላይደን 854፣ ከስኪፖል (የአምስተርዳም) አየር ማረፊያ 858 ነው። በአንዱ ሄዶ በሌላው መመለስ ከፈለጉ ትኬቱ እንደሚፈቅድ ያረጋግጡ።
5. ትኬቱን በሦስት መልክ ይያዙ፦ በኢሜይል፣ በስልክዎ ፎቶ ሆኖ፣ በወረቀት። ወረቀቱ ይቅርብኝ አይበሉ፤ የብቸኛ ተጓዥ ዋስትና እሱ ነው።

በስኪፖል በኩል ለሚያልፉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው መንገደኛ የሚሰጠው የአየር ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ከአየር ማረፊያው አያስወጣም። ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ወይም የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ ካለዎትም በሁለት በረራ መካከል ከ7 ሰዓት ያነሰ ጊዜ ካለ አይሞክሩት፤ ላይደንንም ይተዉት።

ደረጃ 3፦ ማታውኑ የሚዘጋጅ

- ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ። የኤፕሪል ጠዋት 5 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ከሰዓት በኋላ 13 ወይም 14 ሊደርስ ይችላል፤ የሚወልቅ ልብስ ይደራርቡ።
- ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ። ጃንጥላ ይተዉ፤ አገሩ ሜዳ ነው፣ ንፋሱ ጃንጥላውን ገልብጦ ሽቦውን ያወጣዋል።
- ውሃ የማያስገባ፣ የለመዱት ጫማ። ግቢው 32 ሄክታር ነው፤ ላይደንን ሲጨምሩበት ቀኑን ሙሉ በእግርዎ ነዎት። አዲስ ጫማ የሚፈተንበት ቀን አይደለም።
- ሙሉ የተሞላ ፓወር ባንክ ከገመዱ ጋር።
- የውሃ ጠርሙስ። የቧንቧው ውሃ ይጠጣል።
- ንክኪ የሌለው ክፍያ የሚሠራበት አንድ የባንክ ካርድ። አውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።
- ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ብቻ። ሻንጣ ካለዎት ማደሪያዎ ያስቀምጡት ወይም ስኪፖል ባሉት ቁልፍ የሻንጣ ሳጥኖች ይተዉት።

ካርታውን ከስልክዎ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱ። የት እንደሚውሉና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው መልእክት ይላኩ። የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 ነው።

ደረጃ 4፦ ጉዞው

ከአምስተርዳም ሴንትራል ላይደን በፈጣኑ ባቡር ወደ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከስኪፖል ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። ከላይደን ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው የአውቶቡስ መናኸሪያ በ854 አውቶቡስ እስከ ግቢው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

ለባቡር ክፍያ የባንክ ካርድዎን እንዲህ ይጠቀሙበት፦

1. ካርዱን ከቦርሳው ያውጡ። ቦርሳውን እንዳለ ካስጠጉት ማንበቢያው ሌላውን ካርድ ሊያነብ ይችላል፤ ሲገቡ አንዱ፣ ሲወጡ ሌላው ከተነበበ ሁለት ያልተዘጋ ጉዞ ይመዘገብብዎታል።
2. ወደ ጣቢያው ሲገቡ ካርዱን ማንበቢያው ላይ ያስነኩ፣ አረንጓዴ ምልክት ይጠብቁ።
3. ሲወርዱ በዚያው ካርድ ያስነኩ። ስልክና ካርድ አንድ ሒሳብ ላይ ቢሆኑም እንደ ሁለት የተለያዩ ካርዶች ይቆጠራሉ። ጠዋት በስልክ ከጀመሩ ማታም በስልክ ይጨርሱ።

ስኪፖል ላይ ተጠንቀቁ። እዚያ የሚከፈትና የሚዘጋ በር የለም፤ የካርድ ማንበቢያው በአጭር ምሰሶ ላይ ነው። ሰው ሳያስተውለው አልፎ ባቡሩ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ይቀጣል። ሁለተኛው ወጥመድ ስሙ ላይ «ዳይሬክት» የሚል ያለበት ፈጣን ባቡር ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ላይደንም አይቆምም፣ ሮተርዳም ያደርስዎታል። ሰሌዳው ላይ ላይደን የሚለውን ሳያዩ አይሳፈሩ።

ጠዋት መነሣት ለማይሆንላቸው የተገላቢጦሹ ዕቅድ አለ፦ ጠዋት ላይደን፣ 15:30 አካባቢ ግቢው። ከ16:30 በኋላ አስጎብኚዎቹ ይወጣሉ፣ የምሽቱ ብርሃንም ለፎቶ ይሻላል። ጉዳቱ፣ ቀኑ ከዘነበ ሌላ ዕድል የለዎትም። የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ከመግባትዎ በፊት ያንብቡ።

ደረጃ 5፦ ግቢው ውስጥ

ሁሉም ሰው በሩን አልፎ መጀመሪያ ባየው የአበባ መደብ ላይ ተደፍቶ ፎቶ ያነሣል። እርስዎ አይቁሙ። ያ መደብ ሲወጡም አለ።

1. ቀጥታ ወደ ንፋስ ወፍጮው ይሂዱ። ከዋናው መግቢያ ራቅ ብሎ በግቢው ጫፍ ላይ ነው። ከላዩ ወጥተው ከግቢው ውጭ ያለውን የአበባ ማሳ ማየት ይቻላል፤ መሰላሉ ጠባብ ስለሆነ ረፋድ ላይ ሰልፍ ይሆናል። በማሳዎቹ መካከል ባለው ቦይ የሚያዞረው ድምፅ አልባ ጀልባ የሚነሣውም እዚያው አጠገብ ነው። ወደ 45 ደቂቃ ይፈጃል፣ ክፍያው ለብቻው ነው፤ ከፈለጉት የጠዋቱን መጀመሪያ ይያዙ።
2. ከዚያ ወደ መግቢያው እያሉ ቀስ ብለው ይመለሱ። ሰው ወደ እርስዎ ሲመጣ እርስዎ ከእሱ በተቃራኒ ይሄዳሉ። ከትልልቅ ዛፎቹ ሥር በኩሬው ዳር ያለውን መንገድ ይከተሉ፤ ሰማያዊው ሙስካሪ እንደ ወንዝ በቱሊፖቹ መካከል የሚፈስበት እዚያ ነው።
3. ረፋዱ ላይ ወደ አዳራሾቹ ይግቡ። ቪለም አሌክሳንደር የሚባለው ትልቁ ነው፣ በመቶ የሚቆጠሩ የቱሊፕ ዓይነቶች ስማቸው ተጽፎ ይታያሉ። ቤያትሪክስ የኦርኪድ ነው። ኦራንየ ናሳው ውስጥ የተቆረጠ አበባ ትርዒት በየጊዜው ይቀያየራል። ለሦስቱ አንድ ሰዓት ይበቃል። የሃያሲንት ሽታ ራስ ምታት የሚያስነሣብዎት ከሆነ በአዳራሽ ውስጥ ብዙ አይቆዩ፤ ውጭ ንፋሱ ይበትነዋል፣ እዚያ ግን ይታመቃል።
4. 12:30 ላይ ወደ መውጫው ይጀምሩ። መውጫው ፊት የእያንዳንዱ መስመር ሰልፍ የተለያየ ነው፤ 854 የሚለውን ምልክት ከማየትዎ በፊት ከሰው ኋላ አይሰለፉ። ከ15:30 እስከ 17:30 ሰልፉ ይረዝማል፤ ቀድመው የሚወጡትም ለዚሁ ነው።

ዝናብ ሲጀምር ሰው በሙሉ ወደ አዳራሽ ይሮጣል። የዝናብ ልብስ የያዘ ሰው ያኔ ውጭ ይቆይ፤ የኤፕሪል ዝናብ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል፣ ያን ጊዜ ግቢው የእርስዎ ብቻ ነው።

ወደ አበባው መደብ አይግቡ፣ ለፎቶም ቢሆን። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ አንድ እግር አሥር ግንድ ይሰብራል።

ደረጃ 6፦ ያለ ሰው ፎቶ መነሣት

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው፦ ስልኩ ከፍ ማለቱና የቀዩ ቀለም መንደዱ። ቱሊፕ ከጉልበት ብዙም አያልፍም። ስልኩ በዓይን ከፍታ ከተያዘ አበባው እግርዎ ሥር የወደቀ ጨርቅ ይመስላል። ትንሽ የስልክ ማቆሚያ ይያዙ፣ ከመንገዱ ጠርዝ በአበባው ቁመት ያቁሙት፣ የ10 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ይሙሉ፣ ሁለት ሜትር ርቀው መንገዱ ላይ ይቁሙ። ቦርሳዎን ከዓይንዎ አያርቁ።

ቀይ ቱሊፕ በፀሐይ ሲነሣ ስልኩ የአበባውን ቅጠል ሁሉ አንድ ወጥ ቀይ ያደርገዋል። ስክሪኑ ላይ አበባውን ይንኩና ብርሃኑን በጣትዎ ወደ ታች ይቀንሱ፤ በቅጠሉ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ሲታዩ ያቁሙ። ደመናማ ቀን አያሳዝንዎ፤ ለአበባ ከቀትር ፀሐይ ይሻላል።

ሰው እንዲያነሣዎት ከፈለጉ መጀመሪያ እርስዎ ያንሷቸው። ሌላ ብቸኛ ተጓዥ ካዩ ደግሞ ጥሩ፤ እሱም አንሺ ሲፈልግ ነው የዋለው።

ደረጃ 7፦ ማሳውን በብስክሌት (ቢፈልጉ)

ከዋናው መግቢያ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ብስክሌት ይከራያል፣ የመንገድ ካርታም ይሰጣሉ። ሁለት ሰዓት ይመድቡለት፤ ከዚያ ላይደን ውስጥ የሚያዩት አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ ይሆናል።

ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑን ይፈትሹ። ብዙዎቹ የሆላንድ ብስክሌቶች መርገጫው ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚቆሙ ናቸው፤ በእጅ ፍሬን ለለመደ ሰው ድንገት ይቆምበታል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሁለት ዙር ይዙሩ። በቀዩ (የብስክሌት) መንገድ በቀኝ በኩል ይሂዱ፣ ፎቶ ለማንሣት መንገዱ መካከል አይቁሙ። በእግር ሲሆኑም ቀዩ መንገድ የእርስዎ አይደለም።

ማሳው የግል ንብረት ነው። ከመንገዱ ሆነው ይዩ እንጂ ቦዩን ዘለው አይግቡ፤ በጫማ የሚመጣ በሽታ የገበሬውን ዘር ያበላሻል፣ ገበሬውም ዝም አይልም። የቦዩ ዳር ሣር ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ይሰምጣል።

ደረጃ 8፦ ምግብና ጾም

የራስዎን ምግብ ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ከግቢው ምግብ ቤት ዋጋና ሰልፍም ይሻላል።

የትርዒቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንጊዜም በዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፤ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ከዚያም በላይ። ለሚጾሙ፦ በየቦታው የሚጠበሱት ትንንሽ ፓንኬኮች ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አለባቸው፤ ሽሮፕ የተቀባው ስስ ዋፍልም ቅቤ አለበት። የድንች ጥብሱን ያለ ማዮኔዝ ይዘዙ፣ ማዮኔዙ እንቁላል ነው፤ በምን እንደተጠበሰም ይጠይቁ። የታሸገ ምግብ ላይ ወተትና እንቁላል በአውሮፓ ሕግ ጎልቶ መጻፍ አለበት፤ ጽሑፉን በስልክዎ ካሜራ አስተርጉመው ጎላ ያሉትን ቃላት ብቻ ቢያዩ ይበቃል። ማታውኑ ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ኦቾሎኒ ቅቤና ሙዝ መግዛት ግን ከሁሉም ያነሰ ራስ ምታት ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ብስክሌቱን ይተዉ። 15:00 ላይ ላይደን ውስጥ ቁጭ ብለው ይበላሉ።

ደረጃ 9፦ ላይደን በሦስት ሰዓት ተኩል

ከአውቶቡስ ከወረዱ በኋላ ከጣቢያው ተነሥተው ወደዚያው የሚመልስዎትን ዙር ይያዙ። ቅደም ተከተሉ በመዝጊያ ሰዓት ነው።

1. ደ ቫልክ የንፋስ ወፍጮ። ከጣቢያው 5 ደቂቃ። ሰባት ፎቅ አለው፤ ላይኛዎቹ ደረጃዎች ቁልቁል ስለሆኑ ፊትዎን ወደ ደረጃው አዙረው ይውረዱ። ሰኞ ዝግ ነው።
2. ቡርኽት። መሐል ከተማ በሰው ሠራሽ ኮረብታ ላይ ያለ ክብ የጥንት ምሽግ። መግቢያ አይከፈልበትም፣ ግንቡ ላይ ዞረው ከተማዋን በሙሉ ያያሉ። ረቡዕ ወይም ቅዳሜ ከሆነ ከሥሩ ባለው ቦይ ዳር ገበያ አለ፤ ቱሊፕ በእቅፍ የሚሸጠው እዚያ ነው።
3. ሆርተስ ቦታኒኩስ። የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ስፍራ፣ በ1590 የተመሠረተ። ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ የተከላቸው ቱሊፖች በ1594 ያበቡት እዚህ ነው፤ ጠዋት ካዩት ሚሊዮን አበባ በኋላ ትንሿን የክሉሲየስ መደብ ቆመው ይዩአት። 16:00 ላይ ቢደርሱ ጊዜው ይበቃል።
4. በራፐንቡርኽ ቦይ ዳር አድርገው ይመለሱ። በየግድግዳው ላይ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ ግጥሞችን ያያሉ። ቬደስቴኽ የምትባለው ጠባብ መንገድ ሠዓሊው ሬምብራንት የተወለደባት ናት፤ አጠገቧ የእንጨት ድልድይና ሌላ ወፍጮ አለ። ከዚያ ጣቢያው 10 ደቂቃ ነው።

ከደከሙ ቁጥር 1ን ይሰርዙ። ጠዋት አንድ ወፍጮ አይተዋል።

የሆነ ነገር ሲበላሽ

ትኬት አልቋል፦ የማምሻውን ሰዓት ይሞክሩ፤ ካልሆነ የሥራ ቀን ይፈልጉ። እሱም ከሌለ ከላይደን ወደ ሃርለም በሚሄደው ዘገምተኛ ባቡር ይሳፈሩና በመስኮት ማሳዎቹን ይዩ፤ ፎርሃውት እና ሂለኾም ላይ መውረድ ይቻላል።

የመግቢያ ሰዓት አልፎብዎታል፦ ሌላ ትኬት ከመግዛትዎ በፊት በሩ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይጠይቁ።

ሲወርዱ ካርድ ሳያስነኩ ረስተዋል፦ ባቡር ላይ እስከ 20 ዩሮ ሊቆረጥ ይችላል። የወረዱበትን ጣቢያና ሰዓት ይጻፉ፤ በክፍያ ሥርዓቱ ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ላይ የጎደለውን ሞልተው ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል።

ስልኩ ዘግቷል፦ ወረቀቱን ያውጡ።

ዘሩን ገዝቶ ስለ መመለስ

በጸደይ የሚያዩትን ቱሊፕ አስመርጠው ያዝዛሉ፣ ዘሩ የሚላክልዎት በመጸው፣ መተከያው ሲደርስ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገር የሚኖሩ ችግር የለባቸውም። ወደ አሜሪካ የሚወስዱ የዕፅዋት ጤንነት ማረጋገጫ ያለበትን እሽግ ብቻ ይግዙ፤ አለበለዚያ ከጉምሩክ አያልፍም። ለአዲስ አበባ ግቢ ብለው ግን አይልፉ። ቱሊፕ ለማበብ ከሦስት ወር በላይ የማያቋርጥ ብርድ አፈር ውስጥ ይፈልጋል፤ የአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ቢበርድም ቀኑ ያሞቀዋል፣ ቅጠል አውጥቶ ይቀራል። ለእናትዎ ስጦታ ከሆነ ፎቶውን አሳጥበው ይላኩ።